በሐሰት የተከሰሰ ሠራተኛ ምን ያድርግ?

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ነገር በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየንግድ ቤቱና በየፋብሪካው ዘወትር የሚደርስ፣ ነገር ግን በሹክሹክታ ካልሆነ በቀር በአደባባይ የማይነገር ነው። ይኸውም አንድ ሰው ሥራውን ለቆ ከወጣ በኋላ የቀድሞ አሠሪው ባልሠራው ጥፋት ሲወነጅለውና ስሙን ሲያጠፋበት ምን ማድረግ ይገባዋል የሚለው ጥያቄ ነው።

በሥራው ላይ ሳለ የተከሰሰ ሰውና ከወጣ በኋላ የተከሰሰ ሰው እኩል አይደሉም። በሥራው ላይ ያለው ቁልፉ በእጁ፣ መዝገቡም በፊቱ ነው። «ያን ደረሰኝ አምጡልኝ፤ ይህን ፋይል ክፈቱልኝ» ብሎ ወዲያው ሊከራከር ይችላል። የወጣው ሰው ግን ትናንት በኩራት ይገባበት በነበረው በር ላይ ዛሬ ዘበኛ ያቆመዋል። ንጽሕናውን የሚያስረዱለት ወረቀቶች ሁሉ በከሳሹ ሣጥን ውስጥ ተቈልፈዋል። አብረውት የሠሩት ሰዎች እውነቱን ቢያውቁም እንጀራቸውን ስለሚፈሩ በመንገድ ሲያገኙት ሰላምታቸውን ያሳጥሩበታል። ክሱም አብዛኛውን ጊዜ ፊት ለፊት አይመጣም። ሰውየው ለአዲስ ሥራ ባመለከተ ጊዜ ሊቀጥረው ያሰበው መሥሪያ ቤት ወደ ቀድሞ አሠሪው ስልክ ይደውላል፤ በስልኩም «ተጠንቀቁ፤ ከእኛ ዘንድ የወጣው በጉድለት ነው» የምትል አንዲት ቃል ትነገራለች። ከዚያ በኋላ «እንጠራሃለን» ይባላል፤ ነገር ግን አይጠራም። ያልተጠራበትን ምክንያት የሚነግረው ሰው ስለሌለ፣ ለማያውቀው ክስ መልስ ሊሰጥ አይችልም።

የሚጐዳውም እርሱ ብቻ አይደለም። የቤት ኪራይና የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ቀኑን ቈጥሮ ይመጣል። በዕድሩ ገንዘብ ያዥ እንዲሆን ይመረጥ የነበረው ሰው፣ በሚቀጥለው ምርጫ ስሙን የሚያነሣ ይጠፋል። ሚስቱም በጎረቤት ቡና ላይ ወሬው ሲቋረጥ ታያለች። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ክፉ ስምም ቢሆን እንደ ደግ ስም ከመቃብር በላይ መዋሉን መዘንጋት አይገባም።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መንገዶች አንዱን ይይዛል። አንደኛው መንገድ ቁጣ ነው። ወደ ቀድሞው መሥሪያ ቤት ሄዶ በበሩ ላይ ይጮኻል፤ በየለቅሶ ቤቱና በየቡና ቤቱ የአሠሪውን ገበና ይዘረዝራል። በዚህም ከሳሹ አስቀድሞ ያላገኘበትን እውነተኛ ጥፋት በገዛ እጁ ያቀብለዋል። ሁለተኛው መንገድ ዝምታ ነው። «እኔ ንጹሕ ነኝ፤ እግዚአብሔር ያውቃል፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብሎ ይቀመጣል። ይህ የአባቶች ቃል እውነት ነው። ነገር ግን ንጋት የማንንም ድካም ሳይጠይቅ በሰዓቱ ይመጣል፤ እውነት ግን የሚጠብቃት፣ የሚጽፋትና በዳኛ ፊት የሚያቆማት ሰው ካላገኘች ሳትጠራ ልትቀር ትችላለች። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር አንድ ብቻ ነው። የሐሰት ክስ የሚረታው በቁጣም በዝምታም ሳይሆን፣ ከሳሹን «ሒሳቡን አሳየኝ» ብሎ አጥብቆ በመያዝ ነው።

አባቶቻችን በዚህ ነገር ላይ ሁለት የማይመሳሰሉ ልማዶች ነበሩአቸው። አንደኛው ሌባ ሻይ የሚባለው ነው። ከአንድ ባለጸጋ ቤት ብር ወይም ጌጥ በጠፋ ጊዜ የዚህ ሙያ ሰው ይጠራል። ለአንድ ልጅ ዕፅ የተበጠበጠበት መጠጥ ይሰጠዋል፤ ልጁም አእምሮውን ስቶ እየተንገዳገደ በየሰፈሩ ይዞራል፤ በመጨረሻ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ የጠፋውን ይከፍላል። ያ ሰው «አልሰረቅሁም» ቢል የሚሰማው የለም። ልጁንም «በምን ዐወቅህ?» ብሎ የሚመረምረው የለም። ይህ ልማድ ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ በመንግሥት ተከልክሎ ቀርቷል።

ሁለተኛው ልማድ ቁራኛ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጥረው አንድ ላይ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ በከባድ ነገርም በሰንሰለት ይቈራኙ ነበር። ቁራኛም የራሱ ጭካኔ ነበረበትና መቅረቱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በውስጡ አንድ የማይናቅ አሳብ ነበረ። ክስ ያቀረበ ሰው ነገሩ እስኪለይ ድረስ እርሱም ከተከሳሹ ጋር ታስሮ ይቆያል እንጂ፣ ሰውን ወንጅሎ ወደ ቤቱ ሄዶ አይተኛም ነበር። እንግዲህ ከሁለቱ ልማዶች የምንማረው፣ የማይመረመር ክስ ሌባ ሻይ መሆኑንና የከሰሰ ሰው ለክሱ ኃላፊ ሊሆን የሚገባው መሆኑን ነው።

ሌባ ሻይ ቀርቷል ስንል ግን መልኩን ለውጦ እንዳይመለስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በሕግ አክባሪነቱ በዓለም በሚታወቀው በእንግሊዝ አገር በቅርቡ ዘመን የሆነው ታሪክ ይህን በጉልህ ያሳያልና ጥቂት ልተርክላችሁ።

በዚያ አገር በየመንደሩ የሚገኙትን ትንንሽ ፖስታ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት ከፖስታ ቤቱ ድርጅት ጋር ውል የተዋዋሉ ወኪሎች ናቸው። በሕግ አነጋገር ደመወዝተኞች ባይሆኑም፣ ድርጅቱ ውሉን ባፈረሰባቸው ጊዜ እንጀራቸውን የሚያጡ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹም ያላቸውን ቁጠባ ሁሉ ፖስታ ቤቱ ባለበት ሱቅ ላይ ያፈሰሱ ነበሩ። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1999 ጀምሮ ድርጅቱ ፉጂትሱ በተባለ ኩባንያ የሚሠራውን፣ ሆራይዘን የተባለውን የኮምፒዩተር የሒሳብ ሥርዓት በየቅርንጫፉ አስገባ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ቅርንጫፎች ኮምፒዩተሩ ያልጐደለውን ገንዘብ ጐደለ እያለ ያሳይ ጀመር። ውሉ ወኪሎቹን የሚያስገድደው በራሳቸው ቸልታ ወይም ስሕተት የጠፋውን ገንዘብ እንዲተኩ ነበር፤ ድርጅቱ ግን ምክንያቱን ሳያጣራ ጉድለት የታየበትን ሁሉ «ክፈል» ይል ነበር። ለእርዳታ ወደተመደበው የስልክ ክፍል ደውለው የጠየቁ ብዙ ሰዎችም «ካንተ በቀር እንዲህ ያለ ችግር የገጠመው የለም» የሚል መልስ ተሰጣቸው። ይህ መልስ ሐሰት ነበር።

ከ1999 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ውስጥ ከ900 የሚበልጡ ሰዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና ሒሳብ በማዛባት ወንጀል ተፈረደባቸው። ከነዚህም 700 ያህሉን የከሰሰው ፖስታ ቤቱ ራሱ ነበር። ተበዳይም፣ መርማሪም፣ ከሳሽም አንዱ ድርጅት ሆነ ማለት ነው። የአገሩም ሕግ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ኮምፒዩተር በትክክል እንደሠራ ይገምት ነበር። ተቃራኒው ማስረጃ ደግሞ በከሳሹ እጅ ነበር። አእምሮውን ስቶ በየቤቱ ይገባ የነበረው የሌባ ሻይ ልጅ በመኪና መልክ ተመለሰ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከተከሰሱት መካከል ሦስት ሰዎች ያደረጉትን ማነጻጸር ብዙ ያስተምራል።

የመጀመሪያይቱ ሳውዝ ዋርንቦሮ በተባለ መንደር ፖስታ ቤት የያዘችው ሚስስ ጆ ሐሚልተን ናት። የ2,000 ፓውንድ ጉድለት ባየች ጊዜ ወደ እርዳታው ክፍል ደወለች፤ የተነገራትንም ስታደርግ ጉድለቱ በዓይኗ ፊት እጥፍ ሆነ። ኋላ በ36,000 ፓውንድ ስርቆት ተከሰሰች። እስር ቤት እንዳትገባ ስለ ፈራች፣ የስርቆቱ ክስ እንዲነሣላት በሒሳብ ማዛባት ጥፋተኛ ነኝ ብላ ገንዘቡን ለመክፈል ተስማማች። ቤቷን አስይዛ ተበደረች፤ የመንደሩም ሰዎች ንጽሕናዋን ያውቁ ነበርና ገንዘብ አዋጡላት፤ በ2008 ፍርድ በተሰጠባት ቀንም ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው አብረዋት ቆሙ።

ሁለተኛው በብሪድሊንግተን ከተማ የነበረው ሚስተር ሊ ካስልተን ነው። እርሱ ደግሞ 25,000 ፓውንድ ያህል ጐደለብህ ሲባል አልከፍልም አለ። ነገሩ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄደ፤ ለጠበቃ የሚከፍለው ስላልነበረው ብቻውን ተከራከረ። ነገር ግን በየጊዜው የተዘጋውን ሒሳብ ፈርሞበት ስለነበር፣ ፍርድ ቤቱ ፊርማውን እንደ እምነት ቃል ቈጥሮ፣ ሒሳቡ ስሕተት መሆኑን የማስረዳቱን ሸክም በእርሱ ላይ ጣለው። በ2007 ተፈረደበት፤ የባላጋራውን የክርክር ወጪ 321,000 ፓውንድ ክፈል ተብሎም ከሰረ።

ሦስተኛው በዌልስ አገር ላንዲድኖ በተባለ ከተማ ፖስታ ቤት የያዘው ሚስተር አለን ቤትስ ነው። በ2000 መጨረሻ ከ6,000 ፓውንድ በላይ ጉድለት በታየበት ጊዜ የሒሳቡን ወረቀት መስመር በመስመር መርምሮ አብዛኛው በስሕተት ሁለት ጊዜ የተመዘገበ መሆኑን አገኘ። ለቀረው ግን «ጉድለቱ ከየት እንደመጣ እኔ ራሴ መርምሬ ለማየት ካልቻልሁ አልቀበለውም» ብሎ ጻፈ። የሚጽፈውንና የሚጻፍለትን ደብዳቤ ሁሉ አኖረ። በ2003 ድርጅቱ ውሉን አፈረሰበት፤ እርሱና ባለቤቱ ያፈሰሱት ገንዘብም ቀረ። እርሱ ግን «ካንተ በቀር የለም» የተባለውን አላመነም። መሰሎቹን እየፈለገ ቈየና በ2009 ፌኒ ኮምፕተን በተባለ መንደር አዳራሽ ሰበሰባቸው።

ከዚያ ስብሰባ የተነሣው ማኅበር አድጎ 555 ሰዎች በአንድነት ድርጅቱን ከሰሱ። ታኅሣሥ 2019 ላይ ዳኛው የሆራይዘን ሥርዓት ሐሰተኛ ጉድለት ሊያሳይ የሚችል ስሕተት እንደነበረበት ፈረዱ። የቅርንጫፎቹን ሒሳብ ከሩቅ ሆኖ ሊነካ የሚችል ሰው የለም የተባለውም ሐሰት ሆኖ ተገኘ። ሚያዝያ 2021 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በአንድ ቀን የ39 ሰዎችን የጥፋተኝነት ፍርድ ሰረዘ፤ ሚስስ ሐሚልተንም ከነርሱ አንዷ ነበረች። በ2024 ፓርላማው ከቀሩት ፍርዶች ብዙዎቹን በሕግ ሻረ። መንግሥትም እስከ 2025 ድረስ ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ካሣ ከፈለ። ይሁን እንጂ ሐምሌ 2025 የወጣው የመርማሪ ጉባኤ መግለጫ፣ ከዚህ ጣጣ የተነሣ ቢያንስ 13 ሰዎች የገዛ ሕይወታቸውን ሳያጠፉ እንዳልቀረ ይናገራል። እውነቱ እያደር ጠራ፤ ግን ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ፤ ንጋቱን ሳያዩ የሄዱም አሉ።

ክቡራን አድማጮች፤ ከዚህ ታሪክ ለእኛ አገር ሠራተኛ የሚሆኑ አምስት ምክሮችን ላውጣ። ሕጋችን ለተበደለ ሰው የሚሰጠውንም መሣሪያ በየቦታው አመለክታለሁ።

የመጀመሪያው ምክር ክስ ከመምጣቱ በፊት የሚደረግ ነው። ከሥራ የሚወጣ ሰው ሳያስረክብ አይውጣ። ግምጃ ቤት የያዘ ሰው ዕቃው በሞዴል 19 መግባቱንና በሞዴል 22 መውጣቱን አስተያይቶ፣ በእጁ ያለውን አስቈጥሮ፣ ተረካቢው የፈረመበትን የርክክብ ወረቀት ቅጂ ይያዝ። ገንዘብ የያዘ ሰው ሣጥኑን በኮሚቴ ፊት ያስቈጥር። ሾፌር መኪናውን ከነመለዋወጫው በዝርዝር ያስረክብ። በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ከዚህም ጋር የሥራ ምስክር ወረቀቱን ይጠይቅ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዝዛል። ይህ ወረቀት እነዚህን ነገሮች ይመሰክራል እንጂ አሠሪው ቂሙን የሚጽፍበት ወረቀት አይደለም።

ሁለተኛው ምክር ክሱን በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ወሬ ጭስ ነውና በእጅ አይያዝም፤ በወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን ሊመረመር ይችላል። ወንጀለኛ ተብያለሁ የሚል ሰው ለቀድሞ አሠሪው በጨዋ አነጋገር እንዲህ ብሎ ይጻፍ፤ «በድርጅትዎ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በግምጃ ቤት ኃላፊነት ሠርቼ ንብረቱን በዚህ ቀን አስረክቤ ወጥቻለሁ። አሁን ንብረት አጕድሏል እንደተባልሁ ሰምቻለሁ። ጐደለ የተባለው ዕቃ ዓይነትና ብዛት፣ ጉድለቱ የታወቀበት ቀን፣ ያረጋገጠውም የቈጠራ ሰነድ ተገልጾ እንዲሰጠኝ፤ ቈጠራውም እኔ ባለሁበት እንዲደገም አመለክታለሁ።» ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠው፤ ቅጂውም በእጅ ይቅር፤ መቀበል እምቢ ቢሉ በአደራ ፖስታ ይላክ። ስድብ አይጨመርበት። ከሳሹ መልስ ከሰጠ መልሱ ይመረመራል፤ ዝም ካለም ዝምታው አንድ ቀን በዳኛ ፊት ይጠቅማል። ሚስተር ቤትስ ያደረገው ከዚህ የተለየ አልነበረም።

በክሱ ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ ለተባረረ ሠራተኛ ዐዋጁ ይህን መብት ያጠናክርለታል። አሠሪው የስንብቱን ምክንያትና ቀን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ምክንያቱን ካወቀበት ቀን አንሥቶ 30 የሥራ ቀን ካለፈም በዚያ ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ያለው መብት ይቀራል። የዐዋጁ መንፈስ፣ አሠሪ ጥፋትን አድብቶ ይዞ በፈለገው ጊዜ እንዳይመዝዘው ነው።

ሦስተኛው ምክር ያላመኑበትን አለመፈረም ነው። «ፈርምና በሰላም ሂድ፤ ትንሽ ገንዘብ ናት፤ ክፈልና ነገሩ ይሙት» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። ሽማግሌው ሰላምን መሻቱ መልካም ነው። ነገር ግን ያልበሉትን ዕዳ መክፈል ነገሩን አይገድለውም፤ ይልቁንም በልቶ ነበር ለማለት ምስክር ይሆናል። ሚስስ ሐሚልተን ለሰላም ስትል ያመነችው ቃል 13 ዓመት ተከተላት፤ ሚስተር ካስልተንም በፊርማው ተረታ። በእኛ ሕግ አሠሪ ከሠራተኛ ደመወዝ ሊቀንስ የሚችለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ሲፈቅድለት፣ ፍርድ ቤት ሲያዝዝለት፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚቀንሰውም ከወር ደመወዙ ሲሶ ሊበልጥ አይችልም። እንግዲህ ያ የጽሑፍ ስምምነት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አስተውሉ። መፈረም ግድ በሆነበት ጊዜ እንኳ «ደርሶኛል፤ በይዘቱ ግን አልስማማም» ብሎ ከፊርማው በላይ መጻፍ ይቻላል።

አራተኛው ምክር ቀን መቍጠር ነው። ሕግ ለተበደለ ሰው በሩን ይከፍታል፤ ነገር ግን ለዘላለም ክፍት አድርጎ አይተወውም። በአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጁ ያለ አግባብ ተሰናብቻለሁ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሰው በሦስት ወር ውስጥ መክሰስ አለበት። የደመወዝና የስንብት ክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ይታገዳል። የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ በራሳቸው ዐዋጅ ይተዳደራሉና፣ በዚያ የተወሰነውን የቅሬታና የይግባኝ ቀን አስቀድመው ይጠይቁ።

ስምን ስለ ማጥፋት ደግሞ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2044 መድኃኒት አስቀምጧል። በንግግሩ፣ በጽሑፉ ወይም በሌላ መንገድ ሌላውን ሰው እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም መሳቂያ እንዲሆን ያደረገና መታመኑን፣ መልካም ስሙን ወይም የወደፊት ዕድሉን ያሰናከለ ሰው በሕግ ይጠየቃል። የካሣው ክስ ግን ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። አንድን ሰው ንጹሕ መሆኑን እያወቀ ለባለሥልጣን ወንጀለኛ ነው ብሎ ያመለከተም በወንጀል ሕጉ በቁጥር 447 ይቀጣል። «እያወቀ» የሚለው ቃል ከባድ መሆኑን ግን ልብ በሉ። በቅን ልቦና ተጠራጥሮ ያመለከተ አሠሪ ሁሉ ወንጀለኛ አይደለምና፣ የእውቀቱ ማስረጃ ሳይያዝ ወደዚህ ክስ መሮጥ አይገባም።

ነገሩ ወደ ፖሊስ የደረሰበት ሰው በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 በፍርድ ሂደት ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቈጠርና በራሱ ላይ እንዲመሰክር ያለ መገደድ መብት እንደሰጠው ይወቅ። በወንጀል ነጻ የተባለ ሰውም ወረቀቱን አያቃጥል። የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ስለ ገንዘቡ ሲፈርድ በወንጀል ችሎት ነጻ መባሉ አያስገድደውምና፣ ሌላ የገንዘብ ክስ ሊከተል ይችላል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ምክር ብቻን አለመቆም ነው። የሐሰት ክስ ትልቁ ኃይል ሰውን ከሰው መለየቱ ነው። ተከሳሹ ያፍራል፤ ቤቱን ይዘጋል፤ ከዕድሩም ይቀራል። ሰውም መሸሹን አይቶ «ባይሆንማ ባልተደበቀ» ይላል። ስለዚህ አይሽሽ። ለሚስቱና ለልጆቹ ነገሩን ከሌላ ሰው ሳይሰሙት በግልጥ ይንገራቸው። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ወደ ማኅበሩ ይሂድ፤ ጠበቃ የሚይዝበት ገንዘብ ባይኖረው ከአንዳንድ የሕግ ትምህርት ቤቶች ጋር የሚሠሩትን ነጻ የሕግ ምክር መስጫዎች ይጠይቅ። ከእርሱ በፊት ከዚያው ቤት የወጡ ሰዎች ምን እንደተባሉም ያጣራ። ጉድለት በየተራው በሁሉ ላይ የሚገኝ ከሆነ፣ ሌባው ሰዎቹ ሳይሆኑ የሒሳቡ አያያዝ ሊሆን ይችላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በ555ቱ ሰዎች ተፈጽሟል።

በዚህ ቦታ ስለ ቤት ሠራተኞች አንድ ቃል ሳልናገር ባልፍ ፍርድ ማጓደል ይሆንብኛል። ቀለበት ወይም ሐብል በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠረጠረው፣ ወረቀት የሌላትና ዘመድ በከተማው የሌላት ልጅ ናት። የጠቀስሁት የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ በግለሰብ ቤት የሚሠሩትን አይሸፍንም። ይሁን እንጂ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ክብርን የሚጠብቀው ለሁሉ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም ሰውን በሥራው ደረጃ አይለይም። እመቤቲቱ ሣጥኗን ሁለት ጊዜ ሳትፈትሽ የልጅቱን ጓዝ በጎረቤት ፊት በመበተኗ የምታደርሰው ጉዳት፣ ቀለበቱ ከአልጋው ሥር ቢገኝ እንኳ አይመለስም።

ለአሠሪዎችም የምለው አለኝ። ከሳሽ ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም፤ ተከሳሽም ሁሉ ንጹሕ አይደለም። አደራ የሚበላ ሠራተኛ መኖሩን ማንም አይክድም፤ አሠሪ ንብረቱን መጠበቁም መብቱ ነው። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስም ከመጥራቱ በፊት ይቍጠር። የሚቈጥረውም ከሳሹ ብቻ ሳይሆን ተከሳሹ ባለበት ይሁን። የእንግሊዙ ፖስታ ቤት አንዱን ቅሬታ በጊዜው በቅንነት መርምሮ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ያህል ቤተ ሰብ ባልፈረሰ፣ ያን ያህል ካሣም ባልተከፈለ ነበር። እውነተኛው ሌባም ቢሆን የሚያመልጠው ክስ ያለ ማስረጃ በሚበተንበት ቤት ነው፤ ሁሉ ሰው በተጠረጠረበት ዘንድ ማንም አይታወቅምና።

የመጨረሻው ቃሌ ወሬውን ለምንሰማው ለእኛ ነው። በስልክ «ተጠንቀቁ» የምትለዋን ቃል የሚሰማው ቀጣሪ «ምን ጐደለ? መቼ? ማን ቈጠረው? በጽሑፍ ሊሰጡኝ ይችላሉ?» ብሎ አራት ጥያቄ ቢጠይቅ፣ ብዙው ሐሜት በዚያው ስልክ ላይ ይሞታል። ባለጉዳዩንም ጠርቶ «እንዲህ ተብለሃል፤ መልስህ ምንድን ነው?» ቢለው ፍርድን በቤቱ ጀመረ ማለት ነው። በአገራችን የተጣሉ ሰዎች እጃቸውን ሊሰነዝሩ ሲሉ መንገደኛው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያቆማቸው ነበር። የሰው ስም በሌለበት ሲደበደብም ያችኑ ቃል የሚናገር መንገደኛ ያስፈልጋል።